የስድስት ዓመቱ መንጋጋ በምን ይታሸግ?

አንድ ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በአፉ ውስጥ ብዙ ወላጆች የማያስተውሉት ነገር ይፈጸማል። ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተ ኋላ፣ እስከዚያን ጊዜ ባዶ በነበረው ድድ ላይ፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ በጠቅላላው አራት መንጋጋዎች ብቅ ይላሉ። የሚተኩት የወተት ጥርስ ስለሌለ አንድም ጥርስ ሳይነቃነቅና ሳይወድቅ ነው የሚበቅሉት። ከዚህም የተነሣ እናትም አባትም «የወተት ጥርስ ነው፤ ቢበሰብስም ይወድቃል፣ ሌላ ይበቅልለታል» ብለው ያልፉታል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እነዚህ አራቱ የዕድሜ ልክ ጥርሶች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከጠፉ ተተኪ የላቸውም።

ጥፋታቸውም ቀላል አይደለም። የማኘክን ከባድ ሸክም የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው፤ በኋላም በ12 ዓመት ገደማ የሚበቅለው ሁለተኛው መንጋጋ ቦታውን የሚይዘው እነርሱን ተደግፎ ነው። የመጀመሪያው ከተነቀለ ሁለተኛው ወደ ክፍቱ ስፍራ ሊያዘነብል ይችላል፤ በፊት ለፊቱ ያለውም ጥርስ የሚገናኘውን አጥቶ ከመስመሩ ሊወጣ ይችላል። የጥርስ ሐኪም በቅርብ በማይገኝበት ስፍራ ደግሞ፣ ሕመሙ ሌሊት አላስተኛ ካለ በኋላ የሚመጣው መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ ጉጠት ነው። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ከየትኛውም የሰውነታችን ክፍል ይልቅ ለዚህ መንጋጋ የተነገረ ይመስላል።

ቅጠሉ ምንድን ነው? የጥርስ ሐኪሞች ከተጠቀሙባቸው መከላከያዎች አንዱ መንጋጋው ገና ጤነኛ ሳለ ገጹን ማሸግ ነው። ይህም ጥርስ ከማስሞላት የተለየ ሥራ መሆኑን ከአሁኑ መረዳት ያስፈልጋል። ማስሞላት ማለት የበሰበሰውን ቦርቡሮ አውጥቶ ጉድጓዱን መድፈን ነው፤ ማሸግ ግን ጉድጓዱ እንዳይቆፈር አስቀድሞ በሩን መዝጋት ነው። ጋን አፉ እንደሚመረግ ያለ ነው። ለዚህ ምርጊት የሚሆኑት ዕቃዎች በዋናነት ሁለት ወገን ናቸው፤ የአንዱ ስም ሬዚን፣ የሌላው ግላስ አዮኖመር ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን በሚዛን አስቀምጦ የትኛው ለየትኛው አፍ እንደሚስማማ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦዩና ብሩሹ

የመንጋጋ ገጽ ሜዳ አይደለም፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ተራራና ሸለቆ ያለው አገር ይመስላል። ሸለቆዎቹ ወደ ታች በሄዱ ቁጥር እየጠበቡ ቀጭን ቦይ ይሆናሉ፤ ከእነዚህም ቦዮች ብዙዎቹ ከጥርስ ብሩሽ ፀጉር የጠበቡ ናቸው። ልጁ ጥርሱን በብሩሽ ቢያጸዳ፣ ወይም በመፋቂያ ቢፍቅ፣ የተራራው ጫፍ ይጸዳል እንጂ የሸለቆው ወለል አይነካም። ከምግቡ የሚተርፈው ስኳርና ስታርች እዚያ ይቀመጣል፤ በአፍ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይህንን ይመገቡና አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም ኢናሜል የሚባለውን ጠንካራውን የጥርስ ልባስ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። በተለምዶ «ጥርሱን ትል በላው» የሚባለው ይኸው ነው። ትል የለም፤ የስኳርና የባክቴሪያ ሥራ ነው።

የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ትልቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ከቦዮቹ ይልቅ ለስላሳውን የጥርስ ጎን የበለጠ ይጠብቃል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደገለጸው፣ የጥርስ መበስበስ ከ10 እጅ 9ኙ የሚደርሰው በኋለኞቹ ጥርሶች ላይ ነው። ስለዚህ ጠላት የሚገባበት በር የታወቀ ነው፤ ችግሩ በምን ይዘጋ የሚለው ብቻ ነው።

ይህም ጥያቄ ሐኪሞችን ለብዙ ጊዜ አስጨንቋል። ሃያት የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1923 ያቀረበው ሐሳብ ቦዮቹን ገና ሳይበሰብሱ ቦርቡሮ መሙላት ነበር። ሐሳቡ በሽታን ቢቀድምም ጤነኛውን ጥርስ መሠዋት ነበረበት። የተሻለ መንገድ የተከፈተው በ1955 ነው። በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው ማይክል ቦኖኮር፣ የኢንዱስትሪ ሠራተኞች ቀለም በብረት ላይ እንዲይዝላቸው ብረቱን አስቀድመው በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚያዘጋጁ ያውቅ ነበር። እንዲህ ከሆነ ጥርስንስ በዚሁ ዘዴ ቢያዘጋጁት ምን ይከለክላል? ብሎ ሞከረ፤ ፕላስቲኩም በኢናሜል ላይ አጥብቆ ያዘ። ኩዌቶና ቦኖኮር የመንጋጋን ቦይ በዚህ መንገድ ስለ ማሸግ ያደረጉትን ምርመራ በ1967 አሳተሙ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1962፣ ሬፋኤል ቦወን የሚባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ቢስ ጂኤምኤ የተባለውን ሬዚን የፈጠራ መብት አግኝቶበት ነበር፤ ዛሬም ብዙዎቹ የሬዚን ማሸጊያዎች የዚሁ ዘር ናቸው።

ሬዚን፤ ብርቱ ግን ደረቅ ወዳድ

የሬዚን አሠራር እንዲህ ነው። መንጋጋው ይጸዳል፤ ከዚያም 35 ወይም 37 ከመቶ የሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ ያህል ይቀባል። አሲዱ በውኃ ታጥቦ ጥርሱ በአየር ሲደርቅ ገጹ ጠመኔ የተቀባ መስሎ ይነጣል። ይህ ንጣት በዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች በኢናሜሉ ላይ መከፈታቸውን የሚያሳይ ምልክት ነው። ፈሳሹ ሬዚን በላዩ ሲፈስ ወደነዚህ ቀዳዳዎች ይገባል፤ በሰማያዊ ብርሃን ሲመታ ደግሞ በሴኮንዶች ውስጥ ይጠነክራል። ስለዚህ ሬዚን ጥርሱን የሚይዘው ተጣብቆ ብቻ ሳይሆን እንደ ዛፍ ሥር ሰዶ ነው። በደንብ ከተሠራ ለዓመታት ይቆያል።

ነገር ግን «በደንብ ከተሠራ» የምትለዋ ቃል ብዙ ነገር ተሸክማለች። ከአሲዱ በኋላ፣ ከሬዚኑ በፊት፣ የምራቅ ጠብታ በጥርሱ ላይ ብታርፍ የተከፈቱት ቀዳዳዎች ይሸፈናሉ፤ ሬዚኑም ሥር የሚሰድበትን ያጣል። በውኃ በራሰ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደ መቀባት ይሆናል፤ ለጊዜው ያማረ ይመስላል፣ ቆይቶ ይላጣል። እንግዲህ የስድስት ዓመት ልጅ አፍ እንዴት ያለ መሆኑን እናስብ። ምላሱ አያርፍም፣ ምራቁ አይቆምም፣ አፉን ከፍቶ ለመቆየት ያለው ትዕግሥት አጭር ነው። መንጋጋውም ከድድ ወጥቶ እስኪያበቃ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የድድ ቁራጭ ከፊሉን ሸፍኖት ስለሚቆይ ማድረቁ እጅግ ያስቸግራል። የሚያሳዝነው ደግሞ መንጋጋው ከሁሉ ይበልጥ ለመበስበስ የሚጋለጠው በዚሁ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ገና ከፊት ለፊቱ ጥርስ ጋር ስላልተገናኘ ማኘክ አያጸዳውም፣ ብሩሽም አይደርስበትም።

ግላስ አዮኖመር፤ ደካማ ግን ቻይ

ሁለተኛው ዕቃ የተወለደው በእንግሊዝ አገር ነው። አለን ዊልሰንና ብራያን ኬንት በለንደን በመንግሥት የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሠርተውት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለዓለም አሳወቁት፤ በ1974ም ማክሊንና ዊልሰን የመንጋጋ ቦይ ሊታሸግበት እንደሚችል አሳዩ። ዕቃው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፍሎራይድ ያለበት የብርጭቆ ዱቄት፣ ሁለተኛው ፖሊአክሪሊክ አሲድ የሚባል ፈሳሽ ነው። ሁለቱ እንደ ሊጥ ሲለወሱ አሲዱ ከብርጭቆው ጋር ይዋሐድና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደርቃል። ተራው ዓይነት ብርሃን የሚያወጣ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ከሬዚን ጋር የተደባለቀው ዓይነት ግን በብርሃን ይጠነክራል።

ግላስ አዮኖመር ጥርሱን የሚይዘው በቀዳዳ ሥር ሰዶ ሳይሆን በጥርሱ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር በኬሚካል ተሳስሮ ነው። ስለዚህ ጥቂት እርጥበት ቢኖር እንደ ሬዚን ፈጽሞ አይከዳም። ይህ ማለት ግን ምራቅ ውስጥ በተነከረ ጥርስ ላይ ይያዛል ማለት አይደለም፤ እርጥበትን ይታገሣል እንጂ አይወድም። ሌላው ጠባዩ ፍሎራይድ ማውጣቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት ብዙ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ እያነሰ ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። ከጥርስ ሳሙና ፍሎራይድ ሲያገኝም ጥቂቱን መልሶ ይቀበላል።

ድካሙም ግልጽ ነው። በማኘክ ይሸረፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ቶሎም ይወድቃል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርና የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ባወጡት መመሪያ ላይ የተመዘገበው ስሌት፣ ግላስ አዮኖመር ከጥርሱ ላይ የመውደቁ ዕድል ከሬዚን አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን ያመለክታል።

ሚዛኑ

እዚህ ላይ የደረሰ አንባቢ «እንግዲያውስ ነገሩ አለቀ፤ ሬዚን ይበልጣል» ሊል ይችላል። ችኩል ፍርድ ነው። ጥያቄው ሁለት መሆኑን መለየት ይገባናል። አንደኛው «ማሸጊያው ምን ያህል ቆየ?» ሁለተኛው «ጥርሱ በሰበሰ ወይስ አልበሰበሰም?» የሚል ነው። ለወላጅና ለልጁ የሚጠቅመው የሁለተኛው መልስ ነው። ግላስ አዮኖመር ወደቀ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ከላይ የሚታየው ክፍል ነው፤ በቦዩ ወለል ላይ ቅሪቱ ይቀመጣል፣ በዙሪያው ያለውም ኢናሜል ፍሎራይድ ተቀብሎ ይጠነክራል። ስለዚህ ከላይ ሲያዩት የተራቆተ የሚመስለው ጥርስ ከበታች ጥበቃ ሊኖረው ይችላል። ሬዚን ግን የሚጠብቀው ቆይቶ እስከ ሸፈነ ድረስ ነው።

ያው የ2016 መመሪያ የታሸጉ መንጋጋዎች ካልታሸጉት ጋር ሲነጻጸሩ ከሁለት ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ አዲስ የመበስበስ አደጋቸው ከመቶ 76 እጅ እንደሚቀንስ አስልቷል። ከማሸጊያዎቹ ግን አንዱን ከሌላው አላስበለጠም። የሕክምና ጥናቶችን እያሰባሰበ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ድርጅትም በ2017 38 ጥናቶችንና 7,924 ልጆችን ተመልክቶ፣ ሬዚን መበስበስን በ24 ወር ውስጥ ከመቶ ከ11 እስከ 51 እጅ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ሬዚንና ግላስ አዮኖመርን ለማበላለጥ ግን ማስረጃው አይበቃም ሲል ደመደመ። እንግዲህ ማሸግ ካለማሸግ መሻሉ በማስረጃ የቆመ ነው፤ የዕቃዎቹ ክርክር ከዚህ በታች የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ምርጫውን የሚወስነው የዕቃው ስም ሳይሆን የሥራው ሁኔታ ነው። ጥርሱ ከድድ ወጥቶ ካበቃ፣ ልጁ ተረጋግቶ ከተቀመጠ፣ ረዳት፣ የምራቅ መምጠጫና የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ካለ ሬዚን ይመረጣል። ጥርሱ ገና በግማሽ ከሆነ፣ ልጁ ከፈራ፣ ወይም ሥራው በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ በዴስክ ላይ የሚሠራ ከሆነ ግላስ አዮኖመር ይሻላል። ከዚህም በላይ ሁለቱን በተራ መጠቀም ይቻላል፤ መንጋጋው እየወጣ ሳለ በግላስ አዮኖመር ይሸፈናል፣ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ በሬዚን ይታሸጋል።

የዚህ ዓይነቱ የገጠር ሥራ ምሳሌ ከሩቅ አይፈለግም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛንያ፣ ኤሌክትሪክና የጥርስ መቦርቦሪያ መኪና በሌለበት ስፍራ፣ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ጠርጎ ጉድጓዱንና ቦዩን አንድ ላይ የሚዘጋ ዘዴ ተጀመረ፤ ሆላንዳዊው የጥርስ ሐኪም ዮ ፍሬንከን ከጀማሪዎቹ አንዱ ነበር። ዘዴውን ለዓለም ያስተዋወቀው ዕቃ ግላስ አዮኖመር ነው። ሐኪሙ የተለወሰውን ዕቃ በጥርሱ ገጽ ላይ ያስቀምጥና ጓንት ባጠለቀና ቫዝሊን በተቀባ ጣቱ ይጫነዋል፤ ዕቃውም ወደ ቦዩ ይሰርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ዘዴውን ደገፈው፤ በ2021 ደግሞ ግላስ አዮኖመርን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አገባው።

የሚነሡ ጥያቄዎች

«መበስበስ የጀመረ ጥርስ ቢታሸግ በሽታውን ከውስጥ መቆለፍ አይሆንምን?» የሚል አለ። ኢናሜሉ ነጣ ወይም ጠየም ብሎ ገና ካልተቦረቦረ ማሸጉ አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። በውስጥ የተዘጉት ባክቴሪያዎች ስኳር ስለሚቋረጥባቸው ቁጥራቸው በብዙ ይቀንሳል፣ በሽታውም ይቆማል። ጉድጓድ ከተከፈተ ግን ጉዳዩ የማሸግ ሳይሆን የማከም ነው።

«ማሸጊያው በከፊል ቢወድቅ ጥርሱ ከፊተኛው የባሰ አይጋለጥምን?» የሚልም አለ። በ2009 የታተመ የብዙ ጥናቶች ምርመራ የሬዚን ማሸጊያ የወደቀባቸው ጥርሶች ፈጽሞ ካልታሸጉት የባሰ አደጋ እንደሌላቸው አሳይቷል። ስለዚህ «ልጁ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል» ተብሎ ማሸግ አይተውም።

ሦስተኛው ቢስፌኖል ኤ ስለሚባለው ንጥረ ነገር የሚነሣው ሥጋት ነው። ከአንዳንድ ሬዚኖች እጅግ ጥቂት መጠን ማሸጊያው በተደረገ በሰዓታት ውስጥ በምራቅ ላይ ይታያል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሐኪሙ ያልጠነከረውን የላይኛውን ሽፋን በጥጥ ጠርጎ ልጁን ካስጉመጠመጠው መጠኑ የበለጠ ይቀንሳል።

አራተኛው፣ «ማሸጉ ቀርቶ ፍሎራይድ ቢቀባስ?» የሚለው ነው። ይህ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው። በዌልስ በ6ና በ7 ዓመት ልጆች ላይ ተደርጎ በ2017 በታተመ ጥናት፣ ከ1,000 በላይ ልጆች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ መንጋጋቸው በሬዚን ታሸገ፣ ግማሾቹ በየ6 ወሩ የፍሎራይድ ቫርኒሽ ተቀቡ። ከ36 ወር በኋላ የበሰበሰ መንጋጋ የተገኘባቸው ከታሸጉት ከመቶ 19.6፣ ከተቀቡት 17.5 ነበሩ፤ ይህም ልዩነት ከዕድል የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም። ነገር ግን የታሸጉትም ማሸጊያቸው በየ6 ወሩ እየታየ ይታደስ ነበር። እንዲሁም በኒው ዮርክ ከተማ ትምህርት ቤቶች ተደርጎ ውጤቱ በ2023ና በ2024 የታተመው ምርምር፣ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለው ፈሳሽ መበስበስን በመከላከል ከግላስ አዮኖመር ማሸጊያ እንደማያንስ አሳይቷል፤ ጉድለቱ የበሰበሰውን ክፍል ማጥቆሩ ነው። ከእነዚህ ጥናቶች የምንማረው ዕቃው የትኛውም ይሁን ተመልሶ የሚያይ ዓይን እንደሚያስፈልግ ነው። ተቀብቶ ወይም ታሽጎ የተረሳ መንጋጋ በር ተዘግቶ ዘበኛ እንደሌለው ቤት ነው።

የስምጥ ሸለቆ ልጆች

ለእኛ አገር የተለየ አንድ ጉዳይ አለ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሚገኙት የጉድጓድ ውኃዎች ብዙዎቹ ፍሎራይዳቸው የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው፣ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ከሆነው ልክ ያልፋል፤ ከ10 ሚሊግራም የሚበልጥባቸውም አሉ። በዚያ የሚያድጉ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ አንዳንዱም ተቦርቡሮ ይበቅላል። «ፍሎራይድ ጥርስን ይጠብቃል ከተባለ እነዚህ ልጆች ከመበስበስ ድነዋል» ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በ2004 የታተመ በስምጥ ሸለቆ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ፍሎራይድ እጅግ በበዛበት አካባቢ የበሰበሰ ጥርስ መካከለኛ ፍሎራይድ ካለበት ይልቅ እንደሚበዛ አሳይቷል። ጥቂቱ ያጠነክራል፤ የበዛው የጥርሱን አፈጣጠር ያበላሻል።

ይህ ነገር የማሸጊያውንም ምርጫ ይነካል። በፍሎራይድ የተጎዳ ጥርስ የላይኛው ሽፋን አሲድን ይቋቋማል፤ ስለዚህ ሬዚን ሥር እንዲሰድ አሲዱን ከተለመደው በላይ ማቆየት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያ የጠመኔ ንጣት ሳይታይ ሬዚን ማፍሰስ ከንቱ ድካም ነው። ግላስ አዮኖመር የሚያወጣው ፍሎራይድ ደግሞ ልጁ በየቀኑ ከሚጠጣው ውኃ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ስለ እርሱ መሥጋት አያስፈልግም። የሚያሠጋው ጉድጓዱ ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ ነገሩን ስንጠቀልለው፣ ሬዚን ጥሩ ሁኔታ ላገኘ ልጅ ብርቱ ምርጊት ነው፤ ግላስ አዮኖመር ሁኔታው ላልተመቸው ልጅ ታማኝ ምርጊት ነው። ከሁለቱም የሚከፋው «የተሻለው እስኪገኝ» ተብሎ ክፍት የሚተወው መንጋጋ ነው።

ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ የጤና መኮንን ወይም የክፍል መምህር የሚሆን አለ፤ ይህን ለመጀመር ግን ምረቃን መጠበቅ አያስፈልግም። ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ ታናሽ ወንድማችንን ወይም እኅታችንን በብርሃን አጠገብ እናስቀምጥና ከፊት ጥርሶች መካከል ጀምረን ወደ አንድ ጎን እንቁጠር፤ የወለቀ ጥርስ ቢኖር ስፍራውን እንቁጠረው። በአንድ ጎን የወተት ጥርስ አምስት ብቻ ነው። ስድስተኛው ከተገኘ እርሱ የወተት ጥርስ አይደለም፤ ይህንኑ ለእናታችን እናሳያት፤ ሐኪም ዘንድ የሚወሰደውም ሳያመው ነው።